ቀድሞ የሚደርሰው የቱ ነው? ጄኔሬተር፣ ዩፒኤስ፣ ኢንቨርተርና ስታቢላይዘር ሲወዳደሩ

መሃል ከተማ ሕንፃ የሚያስተዳድር ሰው መጠባበቂያ ኃይል ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኬቪኤ ይበቃናል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ «በስንተኛው ሰከንድ ይደርስልናል?» የሚለው ነው። ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ በቂ አቅም ያለው ጄኔሬተር ምድር ቤት ተቀምጦ ኮምፒውተር የሚጠፋው፣ የላብራቶሪ ማሽን ሥራውን የሚያቋርጠው፣ ሊፍት ፎቅ መሃል የሚቆመው በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ይህ መመሪያ አራቱን ዕቃዎች የሚያወዳድረው በፍጥነታቸው ነው። በተለይም ፍሪኩዌንሲ ድንገት ሲወርድ ወይም ሲወጣ ምን እንደሚያደርጉ። ወደ ዕቃዎቹ ከመግባታችን በፊት ግን ትልቁን የኤሌክትሪክ መረብ እንየው። አገር አቀፉ መረብ የሚቸገርበትና እናንተ ምድር ቤት ያለው ጄኔሬተር የሚቸገርበት ነገር አንድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው።

ትልቁ መረብ ምን ያደርጋል?

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሶኬቱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ዙር ይመላለሳል። ፍሪኩዌንሲ የሚባለው ይህ ነው፤ ከቮልቴጅ ይለያል። ቮልቴጅ እንደየሰፈሩ ነው፤ ትራንስፎርመሩ የተጨናነቀበት ሰፈር ይወርዳል፣ ለሰብስቴሽን የቀረበው ይሻላል። ፍሪኩዌንሲ ግን በአንድ መረብ እስከተያያዙ ድረስ አራት ኪሎም ጊቤም አንድ ነው። ምክንያቱም የሁሉም ተርባይኖች የጋራ ፍጥነት ነው። ፍላጎት ከምርት ሲበልጥ ሁሉም አብረው ይዘገያሉ፤ ምርት ሲበልጥ አብረው ይፈጥናሉ።

ስለዚህ አንድ ማሽን በድንገት ሲወጣ ለሁሉም ይተርፋል። የጊቤ 3 አንድ ተርባይን 187 ሜጋ ዋት ነው። የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ደግሞ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው። እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላው። ሥራ ላይ ያሉት ማሽኖች በድምሩ 3,000 ሜጋ ዋት ናቸው እንበል። በሚሽከረከረው ብረታቸው ውስጥ የተከማቸው ጉልበት ሙሉውን ጭነት ለ3 ሰከንድ መሸከም የሚችል ይሁን። አንድ ባለ 400 ቢወጣ ፍሪኩዌንሲው በሰከንድ 1.1 ኸርዝ ገደማ እያለ መውረድ ይጀምራል። ሌሊት ላይ ሥራ ላይ ያለው 2,000 ብቻ ከሆነ ያው አንድ ማሽን ቁልቁለቱን ወደ 1.7 ያደርሰዋል። ትልቅ ማሽን ትንሽ መረብ ላይ ሲሰካ እንዲህ ነው።

ታዲያ ማን ይድረስ? ከሁሉ የሚቀድመው ማንም የማያዘው ነው፤ ያው የሚሽከረከረው ብረት። ሪሌይ (በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አይፈልግም፣ ትእዛዝ አይጠብቅም። ፍጥነቱ ሲቀንስ የያዘውን ጉልበት ወዲያውኑ ለመረቡ ይሰጣል። ድክመቱ ማዘግየት እንጂ መመለስ አለመቻሉ ነው። ጊዜ ይገዛል፣ በቃ። ደግሞም በቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) መስመር አልፎ አይመጣም። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ ነው፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ። ግን ዲሲ ስለሆነ የኬንያ ተርባይኖች ክብደት በራሱ እኛን አይደግፍም። መቆጣጠሪያው እንዲረዳ ተደርጎ ከተስተካከለ ነው የሚረዳው።

ሁለተኛው ገቨርነር ነው፤ ተርባይኑ ሲዘገይ የውሃውን በር የሚከፍተው። አብዛኛው ኃይላችን ከውሃ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ውሃ «ፈጣን» ነው ሲባል ሰምቷል። ቆሞ የነበረ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሥራ ስለሚገባ ከከሰል ጣቢያ ጋር ሲወዳደር እውነት ነው። በሰከንዶች ስንለካው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በሩ በድንገት ሰፋ ሲል ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያው አይፈጥንም፤ ከባድ ነዋ። ተርባይኑ ጋ ያለው ግፊት ለአፍታ ይወርዳል። ስለዚህ ኃይሉ ከመጨመሩ በፊት መጀመሪያ ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ እርዳታ በተጠራበት ቅጽበት ረዳቱ ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። በሩን በጣም በፍጥነት ብትከፍቱት መረቡን ታወዛውዙታላችሁ። በጣም ቀስ ብትሉ ፍሪኩዌንሲው ቀድሟችሁ ይወርዳል። የውሃ ገቨርነር የሚያስተካክል መሐንዲስ የሚውለው በዚህ መሃል ነው።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሙሉ ኃይሉን መስጠት ይችላል። ደቡብ አውስትራሊያ በ2017 መጨረሻ 100 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ባትሪ የተከለችው ከመብራት መጥፋት በኋላ ነበር፤ በመስከረም 2016 መላው ግዛቱ ጨልሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይዘቱ ግን 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ነበር። በሙሉ ኃይል ቢሠራ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ግድብ ላለው አገር ባትሪ የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ መብራት ለመስጠት አይደለም። ውሃው እስኪፈጥን ያለችውን ክፍተት ለመሸፈን ነው። ይህን ሐሳብ ያዙት፤ ምድር ቤት ስንወርድ ይጠቅመናል።

የመጨረሻው ቆርጦ መጣል ነው። ፍሪኩዌንሲው ከተወሰነ ቁጥር በታች ሲወርድ ሪሌይ አንድን ሰፈር በራሱ ያጠፋል። ቀሪው እንዲተርፍ ጥቂቱ ይጨልማል። ብሪታንያ ነሐሴ 9 ቀን 2019 ይህ ደርሶባታል። መብረቅ ወደቀ፤ ጣቢያዎች ተከታትለው ወጡ፤ ፍሪኩዌንሲው 48.8 ሲደርስ አንድ ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች ተቆረጡ። መረቡ በ5 ደቂቃ ገደማ ወደ ልኩ ተመለሰ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለንደን አካባቢ የሚሠሩ አንዳንድ አዳዲስ ባቡሮች ከ49 ኸርዝ በታች ሲወርድ ራሳቸውን ቆልፈው ነበር። መብራቱ አልተቋረጠባቸውም። ግን ብዙዎቹ ቴክኒሺያን ላፕቶፕ ይዞ እስኪመጣ አልንቀሳቀስ አሉ። ተሳፋሪው ለሰዓታት ተቀመጠ። ችግሩ የመረቡ መውረድ ብቻ አልነበረም፤ ዕቃው ምን ያህል መውረድ እንደሚታገስ ቀድሞ የተሞላበት ቁጥር ነበር። የእናንተም ዩፒኤስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አለ።

አሁን ወደ ምድር ቤት

መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ሕንፃችሁ የራሱ መረብ ይሆናል። አንድ ማሽን፣ ጥቂት ብረት፣ ምንም ጎረቤት። ከላይ ያየነው ሁሉ እዚህ በከፋ መልኩ ይደገማል።

ማየት ከፈለጋችሁ መብራት በሄደበት ሰዓት ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ውረዱ። ፓነሉ ላይ ኸርዝ የሚለውን ቁጥር ብቻ ተመልከቱ። ሊፍቱ ቆሞ ሳለ 51.5 ይላል እንበል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ቁልፉን ይጫናል። የጄኔሬተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ ጭሱ ለአፍታ ይጠቁራል፣ ቁጥሩ 47 ደርሶ እየተንገዳገደ ይመለሳል። በዚያችው ቅጽበት ሁለተኛ ፎቅ ሂሳብ ክፍል ያለው ዩፒኤስ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀምሯል።

የጭሱ መጥቆር ብዙ ይናገራል። ናፍጣው ገብቷል፣ አየሩ ግን አልደረሰም። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ጣልቃ ይገባል። መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከዚህ ብዙ ያጣል። ቱርቦ ያለው ይሻላል፤ ግን ቱርቦው ራሱ እስኪፈጥን ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ትልቅ ጭነት በአንዴ ሲጫንበት ይንገዳገዳል። ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈው ኬቪኤ ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። ሻጩን «ለ2,400 ሜትር ስንት ይሆናል?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ገቨርነሩ ሜካኒካል ነው ወይስ ኤሌክትሮኒክ የሚለው ነው። ሜካኒካሉ በባዶ ሲሠራ 52 አካባቢ ይሆናል፣ ሙሉ ሲጫን ወደ 50 ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ለመብራት፣ ለፓምፕ፣ ለማቀዝቀዣ ምንም ችግር የለውም። ኤሌክትሮኒኩ በማንኛውም ጭነት 50 ላይ ለመቆየት ይሞክራል፣ ሲወርድም ቶሎ ይመልሳል። ኮምፒውተርና ዩፒኤስ የበዛበት ሕንፃ ከሆነ ለኤሌክትሮኒኩ የሚከፈለው ጭማሪ ያዋጣል።

ለጄኔሬተር የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃም አለ፤ አይኤስኦ 8528 ይባላል። በዚህ መሠረት ጂ2 የተባለው ክፍል ጭነት ሲጨመርበት እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም እስከ 45 ኸርዝ እንዲወርድ ይፈቀድለታል፤ በ5 ሰከንድ ውስጥ ግን መመለስ አለበት። ጂ3 ከ7 በመቶ በላይ መውረድ የለበትም፣ መመለሻው 3 ሰከንድ ነው። ለሱቅና ለካፌ ጂ2 በቂ ነው። ክሊኒክ፣ ስቱዲዮ፣ የሰርቨር ክፍል ካላችሁ ጂ3 ጠይቁ።

«እንዳይቸገር ትልቁን እንግዛ» የሚለው ምክር በጣም የተለመደ ነው። ከፊሉ ልክ ነው፤ ትልቅ ማሽን ለሊፍት አይደነግጥም። ግን ናፍጣ ሞተር ቀኑን ሙሉ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች እየሠራ ከዋለ በደንብ አይሞቅም። ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥላሸት ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። ከጊዜ በኋላ አቅሙም ይወርዳል። እኔ ማሽኑን ከማሳደግ ጭነቱን ማለዘብ እመርጣለሁ። ሊፍቱ በቀጥታ የሚነሳ ሞተር ካለው ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ጅረት ይስባል። ኢንቨርተር ድራይቭ፣ ማለትም ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ፣ ሲገጠምለት ይህ ጉልህ በሆነ መጠን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ከጄኔሬተሩ መተለቅ ይልቅ ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው።

ሊፍት ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ሁልጊዜ ኃይል አይበላም። ከሌላው ጫፍ የሚንጠለጠል ሚዛን ስላለው ባዶውን ወደ ላይ ሲወጣ ወይም ሞልቶ ሲወርድ ሞተሩ ወደ ዳይናሞነት ይለወጣል። አገር አቀፉ መረብ ይህችን ይውጣታል። ጄኔሬተር ግን አይወድላትም፤ ሌላ ጭነት ከሌለ ይፈጥናል፣ ፍሪኩዌንሲውም ከ50 በላይ ይወጣል። እሁድ ሕንፃው ባዶ ሲሆን ዩፒኤስ ያለ ምክንያት የሚጮህ ከመሰላችሁ አንዱ ሰበብ ይህ ሊሆን ይችላል። የሊፍት ባለሙያውን ስለ ብሬክ ሬዚስተር ጠይቁት፤ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ስታቢላይዘር

በአጭሩ እንለፈው። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ ፍሪኩዌንሲ አይነካም። 47 ኸርዝ ከገባ 47 ይወጣል። ሰፈራችሁ ቮልቴጅ የሚወርድበት ከሆነ ለፍሪጅና ለማቀዝቀዣ ግዙት። አብዛኞቹ የፍሪጅ ስታቢላይዘሮች መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ነው የሚያበሩት፤ ይህች ቆይታ ብቻዋን ለኮምፕረሰሩ ትልቅ ነገር ናት። ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ ኮምፒውተር እንዲያድንላችሁ ግን አትጠብቁ። ለምጣድ ደግሞ አያስፈልግም፤ ምጣድ ፍሪኩዌንሲ 48 ይሁን 52 ግድ የለውም።

ዩፒኤስ፣ ሦስት ዓይነት

ገበያ ላይ ሁሉም «ዩፒኤስ» ይባላል። ውስጡ ግን ይለያያል። ኦፍላይኑ ከመረቡ የመጣውን እንዳለ ያሳልፋል፣ ሲጠፋ ወደ ባትሪ ይቀይራል። ቅያሪው ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ተራ ኮምፒውተር ይህን አያስተውለውም። ላይን ኢንተራክቲቩ ተመሳሳይ ሆኖ ትንሽ ስታቢላይዘር ተጨምሮለታል፤ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ወደ ባትሪ ሳይሄድ ያስተካክላል። በመረቡ ብቻ ለምትሠሩ ቢሮዎች ጥሩ ምርጫ ነው።

ጄኔሬተር ላይ ግን ሁለቱም ይቸገራሉ። የሚቀበሉት የፍሪኩዌንሲ ክልል ጠባብ ነው፤ 47 ወይም 45 ላይ «ይህ መብራት አይደለም» ብለው ወደ ባትሪ ይሄዳሉ። ሊፍቱ በተነሳ ቁጥር ባትሪው ትንሽ ትንሽ ይበላል። ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። ጄኔሬተሩ እየሠራ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ሰውም ዩፒኤሱን ይረግማል። ለንደን ባቡሮቹ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ኦንላይኑ ከመጀመሪያውም መረቡን አያሳልፍም። የመጣውን ወደ ዲሲ ይለውጣል፣ ከዚያ አዲስ 50 ኸርዝ ራሱ ይሠራል። ቅያሪ ስለሌለ መዘግየት የለም። ብዙዎቹ ከ40 እስከ 70 ኸርዝ የሆነ ግብአት ይቀበላሉ። ይወደዳል፣ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ሁልጊዜ ይጮኻል። ለላብራቶሪ ማሽን፣ ለሰርቨር፣ ለአልትራሳውንድ ግን ሌላ አታስቡ። ሕንፃውን በሙሉ በኦንላይን መሸፈን የገንዘብ ብክነት ነው። የሚያስፈልጉትን ሁለት ሦስት መስመሮች ለይታችሁ ሸፍኑ።

ዩፒኤስ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ የጄኔሬተሩን ፍጥነት በባለሙያ አስተካክሉ። ቀጥሎ ዩፒኤሱ የሚፈቅድ ከሆነ የሚታገሰውን ክልል አስፉለት። ብዙ ጩኸት እዚህ ላይ ይቆማል።

ኢንቨርተር ከሊቲየም ባትሪ ጋር

ኢንቨርተር የባትሪውን ዲሲ ወደ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ ነው። ባለፉት ዓመታት መሃል ከተማ ቢሮዎች ውስጥ የበዛው ይሄ ነው። ትክክለኛ ምክንያት አለው። ድምፅ የለውም፣ ናፍጣ አይፈልግም። ወደ ባትሪ የሚቀይርበት ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አብዛኛው ኮምፒውተር ይችለዋል፣ አንዳንዱ ግን ዳግም ይነሳል። በባትሪ ሲሠራ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ 50 ላይ ይቆያል፤ ሰው ቢነካው ባይነካው አይወርድም።

የሚከዳችሁ ሌላ ቦታ ነው። የሚሽከረከር ብረት ስለሌለው ለቅጽበታዊ ጭነት ትዕግሥት የለውም። የውሃ ፓምፕ ብታስነሱበት ፍሪኩዌንሲው አይወርድም፤ ቮልቴጁ ይወድቃል ወይም ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ለመብራት፣ ለኮምፒውተር፣ ለካሽ ሬጅስተር፣ ለዋይፋይ ስጡት። ሊፍቱንና ፓምፑን ከእሱ ላይ አውርዱ።

ኢንቨርተሩና ጄኔሬተሩ አብረው ሲሆኑ ግን ያምራል። መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ ወዲያው ይይዛል። ጄኔሬተሩ በ10 ወይም በ15 ሰከንድ ተነስቶ ይረጋጋል፣ ከዚያ ሊፍቱና ፓምፑ ብቻ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ባትሪ ውሃው እስኪፈጥን ክፍተቱን ይሸፍናል ያልነው ይኸው ነው። መብራቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ከጠፋ ጄኔሬተሩን ማስነሳትም ላያስፈልግ ይችላል።

ማን ምን ይግዛ?

ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ከሆናችሁ ለኮምፒውተሩ ላይን ኢንተራክቲቭ ዩፒኤስ ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተሩን እሱ ላይ አትስኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ጭነት ይገለብጠዋል። ካፌ ከሆናችሁ ለመብራትና ለካሸር ትንሽ ኢንቨርተር ይሁን፤ የቡና ማሽኑ ግን ለብቻው ብዙ ኪሎ ዋት ስለሚበላ ለጄኔሬተር ይተውለት ወይም ይጠብቅ። ክሊኒክ ከሆነ ኦንላይን ዩፒኤስ ለማሽኖቹ፣ ከኋላው ኤሌክትሮኒክ ገቨርነር ያለው ጄኔሬተር። ባለ ብዙ ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ከሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ሊፍቱ ድራይቭ፣ ቀጥሎ ወደ ኢንቨርተር ይሂድ፤ የጄኔሬተሩ መጠን ከዚህ በኋላ ነው የሚወሰነው። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ትልቅ ማሽን ገዝታችሁ ያው ጩኸት ይቀጥላል።

ምንም ብትገዙ አንድ የማይቀር ሥራ አለ። ኤቲኤሱ (ከመብራት ወደ ጄኔሬተር በራሱ የሚቀይረው ማብሪያ) ሁሉንም ጭነት በአንዴ እንዳይለቅ አስደርጉ፤ መጀመሪያ መብራት፣ ጥቂት ቆይቶ ፓምፕ፣ መጨረሻ ሊፍት። «መብራት መጣ!» ሲባልም እንደዚያው ነው። በዚያች ደቂቃ ሰፈሩ በሙሉ ፍሪጁን፣ ፓምፑን፣ ምጣዱን አንድ ላይ ያስነሳል። ትራንስፎርመሩ ከዚህ ጋር ይታገላል። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ብትመለሱ አትጎዱም።

ወደ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ሕንፃው ብዙ ሰው በሌለበት ሰዓት ኤሌክትሪሺያኑን ይዛችሁ ጄኔሬተሩን አስነሱ። ሊፍቱን አስነሱና የኸርዙን ዝቅተኛ ቁጥር፣ ወደ 50 ለመመለስ የፈጀበትን ሰከንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ባዶውን ሊፍት ወደ ላይ ላኩና ከፍተኛውንም ጻፉ። የዩፒኤሱ ማንዋል የሚታገሰውን ክልል ይላል፤ ከጎኑ አስፍሩት። ወረቀቱን ለሻጩ ስጡት። ቁጥሮቹን ትቶ «እናንተ ብቻ ስንት ኬቪኤ እንደምትፈልጉ ንገሩኝ» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።